የቀጥቃጩ ልጅ ሚካኤል ፋራዴይ

በወረታ ከተማ የድምፅ ማጉያ ሲቃጠል ዕጣው የታወቀ ነው። ጠጋኙ ዘንድ ጥቂት ይሰነብትና አልሆን ሲል ቆራሌው ይገዛዋል፤ ቆርቆሮው ለብቻ ይሄዳል፤ በውስጡ ያለው ከባዱ ትራንስፎርመር ደግሞ በመዶሻ ተሰብሮ መዳቡ በኪሎ ይሸጣል። እኛ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የመጣን ተማሪዎች ከዚህ ብረት ጥቂቱን ከቆራሌው ሚዛን እያስቀረን ለመማሪያ የሚሆን የዲሲ ፓወር ሰፕላይ መሥራት ከጀመርን ሰነበትን። አሠራሩን በዚህ መጽሔት እንድንገልጽ ተጠይቀን ብዕር ስናነሣ ግን፣ ትራንስፎርመሩን መጀመሪያ በገዛ እጁ የጠመጠመውን ሰው ታሪክ ሳይነግሩ ስለ ሽቦው ማውራት ያለ ቦታው መጀመር ሆነብን። ስለዚህ የሰውየውን ሕይወት እናስቀድማለን፤ ሽቦውም በየመንገዱ ይመጣል። ዘመኑን የምንቆጥረው ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሚካኤል ፋራዴይ መስከረም 22 ቀን 1791 ዓ.ም. በለንደን አጠገብ ኒውንግተን ቡትስ በሚባል ቀበሌ ተወለደ። አባቱ ጄምስ ከሰሜን እንግሊዝ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ያውም ጤና የጎደለው ቀጥቃጭ። ይህን ነገር የአገራችን ሰው በጥሞና እንዲያነበው እንወዳለን። በእኛ አገር የቀጥቃጭ ልጅ መሆን ምን ማለት እንደ ነበር የማያውቅ የለምና። ማረሻችንን የሚስለው፣ ማጭዳችንን የሚያበጀው ሰው ጠይብ ተብሎ ሲናቅ፣ ቡዳ ነው ተብሎ ሲፈራ፣ ከልጁ ጋር ልጅ እንዳይጋባ ሲከለከል ኖሯል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደ ሰደደ ስላዩ ነው። በእንግሊዝ አገር ቀጥቃጭ ቡዳ አይባልም እንጂ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ሊቅ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በዚያም አልነበረም።

ቤተ ሰቡ ድኻ ነበር። እህል በተወደደበት በ1801 ዓ.ም. ለትንሹ ሚካኤል በሳምንት አንድ ሙልሙል ዳቦ ብቻ ይደርሰው እንደ ነበር ተጽፏል። ትምህርቱም ማንበብ፣ መጻፍና ጥቂት ሒሳብ ከመሆን አላለፈም። በ13 ዓመቱ ሪቦ በሚባል የመጻሕፍት ነጋዴ ቤት ተላላኪ ሆነ፤ ጋዜጣ ያደርሳል፤ ይመልሳል። በዓመቱ ጌታው የመጽሐፍ ጥረዛ እንዲማር ለ7 ዓመት ተቀበለው። ጎንደር ውስጥ ደጓሽ ቤት ያየ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ጥራዙ ይሰፋል፤ ገበታው ይለካል፤ ቆዳው ይለጠፋል፤ ማጌጫው ይታተምበታል። ልዩነቱ ደጓሽ የሚደጉሰውን ዳዊት በቃሉ የሚያውቀው ሲሆን፣ ፋራዴይ የሚጠርዘውን መጽሐፍ ሁሉ እንግዳ ሆኖበት ከሥራ በኋላ ቁጭ ብሎ ማንበቡ ነው። ከእነዚህም መካከል ሁለቱ ሕይወቱን ለወጡት። አንደኛው ማርሴት የተባለች ሴት ስለ ኬሚስትሪ ለጀማሪዎች የጻፈችው፣ ሁለተኛው በኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪክ የተጻፈው ክፍል ነው።

ያነበበውን ሳይሞክር አያምንም። ይህ ጠባይ እስኪሞት አልተለየውም። ነገር ግን መሣሪያ ከየት ይምጣ? የእርሱ ዘመን ቆራሌ የጨርቅና የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበር። በዚያ ሱቅ መስኮት ሁለት የብርጭቆ ዕቃዎች አየ፤ ከዕለት ኪሱ እየቆጠበም ገዛቸው። ትልቁን እየሾረ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ መኪና አደረገው፤ ትንሹን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም የላይደን ጠርሙስ አደረገው። በ1812 ዓ.ም. ደግሞ ባትሪ መግዛት የማይታሰብ ስለ ነበር 7 የመዳብ ሳንቲሞችን፣ በሳንቲሙ ልክ የቆረጣቸውን 7 የዚንክ ቁራጮችና በጨው ውኃ የተነከሩ 6 ወረቀቶችን እየደረደረ ባትሪ ሠራ፤ በዚያችም ባትሪ የማግኒዝየም ጨው በውኃ በጥብጦ ለያየ። አንድ ሳንቲም ቢጎድል ባትሪው ይደክማል፤ ሳንቲሙ ደግሞ የዳቦ ገንዘብ ነው። ላቦራቶሪያችን ዕቃ የለውም እያልን በየዓመቱ የምናማርር ሁሉ፣ ማማረራችን እውነት ቢሆንም፣ ይህችን የሳንቲም ባትሪ ልናስባት ይገባል።

በዚያው ዓመት አንድ የሱቁ ደንበኛ የታላቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት የሚሰማበት ቲኬት ሰጠው። ፋራዴይ 4 ጊዜ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተገኝቶ ቃል በቃል ጻፈ፤ ሥዕሉን ሣለ፤ ወደ 300 ገጽ የሚሆነውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። እንዲህ ያለ ማመልከቻ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ዴቪ በሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ዓይኑ ተጎድቶ ስለ ነበር ጥቂት ቀን አስጻፈው፤ ከዚያም የላቦራቶሪው ረዳት በጠብ ምክንያት ሲባረር በመጋቢት 1813 ዓ.ም. ቦታውን ለፋራዴይ ሰጠው። ደመወዙ በሳምንት 25 ሽልንግ፣ መኖሪያው ከጣራው ሥር ሁለት ክፍል፣ ሥራው ጠርሙስ ማጠብና እሳት ማንደድ ነበር።

ወዲያው ዴቪን ተከትሎ አውሮፓን ዞረ። ፓሪስን አየ፤ በሚላን ባትሪን የፈለሰፈውን ሽማግሌ ቮልታን አገኘ። ነገር ግን የዴቪ ሚስት እንደ ሎሌ ታየው ነበርና ከጌቶች ጋር ማዕድ አይቀርብም። ጉዞው መራራም ትምህርትም ሆነለት። በ1815 ዓ.ም. ተመልሶ በዚያው ቤት ሥራውን ቀጠለ፤ በ1821 ዓ.ም. ሣራ ባርናርድን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም።

በዚያው በ1821 ዓ.ም. መስከረም ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚያልፍበትን ሽቦ በማግኔት ዙሪያ ሳያቋርጥ እንዲዞር አደረገ፤ ይኸውም የሞተር አባት ነው። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዎላስተን የተባለ የተከበረ ሊቅ በዚሁ ነገር ሲደክም ኖሮ ሳይሳካለት ቀርቶ ነበር፤ ፋራዴይም ስሙን ሳይጠቅስ ሥራውን ስላሳተመ ሌባ ተባለ። ለቀጥቃጭ ልጅ ይህ ከሞት ይከፋል፤ ለጌታ ልጅ ስህተት የሚባለው ለድኻ ልጅ ስርቆት ይባላልና። የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዲሆን ሲታጭ ከተቃወሙት ዋናው አሳዳጊው ዴቪ ራሱ ሆነ። ፋራዴይ ግን በ1824 ዓ.ም. ተመረጠ። ዴቪ ስለ ምን ይህን እንዳደረገ ብዙ ተብሏል፤ በእኛ አስተያየት ግን መምህር ተማሪው ሲበልጠው ማየት ከባድ ፈተና ነው፤ በዚህም ፈተና የወደቀ ዴቪ ብቻ አይደለም። የሚያስመሰግነው፣ ፋራዴይ ስለ ዴቪ ክፉ ሲናገር አለመሰማቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ነሐሴ 29 ቀን 1831 ዓ.ም. ፋራዴይ ከለስላሳ ብረት የተሠራ፣ የውጭ ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ቀለበት ይዞ ተቀመጠ። በአንደኛው ወገን እያንዳንዳቸው 7 ሜትር ያህል የሆኑ 3 የመዳብ ሽቦዎችን፣ በሌላው ወገን በድምሩ 18 ሜትር ያህል የሚሆን ሽቦ በሁለት ከፍሎ ጠመጠመ። ያን ጊዜ ዛሬ እንዳለው በቫርኒሽ የተቀባ ሽቦ በሱቅ አይገኝም፤ ስለዚህ ሽቦ ከሽቦ እንዳይነካካ በየዙሩ መካከል ሲባጎ፣ በየድርቡ መካከል ደግሞ የጥጥ ጨርቅ አስገባ። የመጽሐፍ ጠራዥ እጅ እዚህ ላይ ጠቀመው። የአንዱን ወገን ሽቦ ከባትሪ ጋር ሲያገናኝ፣ ከሌላው ወገን ጋር በተያያዘው ሽቦ አጠገብ ያለች የማግኔት መርፌ ዘለለች፤ ወዲያው ግን ጸጥ አለች። ባትሪው እንደ ተያያዘ መርፌዋ አትነቃነቅም። ባትሪውን ሲያላቅቅ እንደ ገና ወደ ተቃራኒው ወገን ዘለለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ጅረቱ ሳይቋረጥ እየፈሰሰ መርፌዋ ዝም ማለቷን እንደ ውድቀት ይቆጥረው ነበር። ፋራዴይ ግን ትርጉሙ እዚያው ዝላይዋ ላይ እንዳለ ተገነዘበ። ኤሌክትሪክን ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው የሚያሻግረው የጅረቱ መኖር ሳይሆን የጅረቱ መለወጥ ነው። በዚያው ዓመት በእኛ በኩል ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ታቦር መቀመጫቸውን ያደረጉት የየጁ መሳፍንት በየካቲት በደብረ አባይ ጦርነት ራስ ማርዬን አጥተው፣ ብላቴናው ራስ አሊ ሊሾም በተቃረበበት ወራት መሆኑ ነው።

ከቆራሌው ያስቀረነው ትራንስፎርመር እንግዲህ ከዚህ ቀለበት የተለየ አይደለም። ብረቱ ቀለበት መሆኑ ቀርቶ የሳሳ የብረት ሉህ ተደራርቦ ተሠራ፤ ሲባጎው በቫርኒሽ ተተካ፤ በ1885 ዓ.ም. በቡዳፔስት የነበሩ ሦስት መሐንዲሶች ዛሬ በምናውቀው መልክ አወጡት። ከግድግዳ የምናገኘው 220 ቮልት በሴኮንድ 50 ጊዜ እየተመላለሰ ስለሚለዋወጥ፣ የፋራዴይ መርፌ ዝላይ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ሳያቋርጥ ይደጋገማል ማለት ነው። ባትሪ ቢያያዝበት ግን ትራንስፎርመሩ ከመጀመሪያዋ ዝላይ በቀር ምንም አይሰጥም፤ ይልቁንም ይግላል።

በአሮጌ አምፕሊፋየር ውስጥ ሁለት ዓይነት ትራንስፎርመር ሊገኝ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ከግድግዳው ኃይል ተቀብሎ ለመሣሪያው የሚያከፋፍለው ነው። ሁለተኛው በባለ ቱቦዎቹና በአንዳንድ የአደባባይ ድምፅ ማጉያዎች ውስጥ የሚገኘው፣ ድምፁን ወደ ስፒከር የሚያሻግረው ነው። ለፓወር ሰፕላይ የምንፈልገው የመጀመሪያውን ነው፤ የድምፁን ትራንስፎርመር ከ220 ቮልት ጋር ማገናኘት ለዚያ ስላልተጠመጠመ ማቃጠል ነው። በትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ዘንድ የ220 ቮልቱ ጥቅል በቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር የተጠመጠመው ነውና በኦም መለኪያ ሬዚስታንሱ ከሌሎቹ በልጦ ይታያል። በባለ ቱቦዎቹ ግን ይህ ደንብ ያታልላል፤ ለቱቦዎቹ ከ300 ቮልት በላይ የሚሰጥ ሌላ ቀጭን ጥቅል ስላለ ሬዚስታንሱ ከዋናው ጥቅል ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የማይታወቅ ትራንስፎርመር ሁሉ መጀመሪያ የሚሞከረው ባለ ክር የ60 ዋት አምፖል በተከታታይ ገብቶለት ነው። አምፖሉ ፈክቶ ከበራ ጥቅሉ ተሳስቷል ወይም ተቃጥሏል፤ ካልበራ ወይም በጭንቅ ከቀላ ደኅና ነው።

የቀረው ጥቂት ነው፤ እዚህም ላይ ፋራዴይ አልተለየንም። ተመላላሹን ጅረት በአንድ ወገን ብቻ እንዲሄድ የሚያደርገው ዳዮድ ከሰሚኮንዳክተር ይሠራል፤ የሰሚኮንዳክተርን ጠባይ መጀመሪያ ያስተዋለው ደግሞ ፋራዴይ ነው፤ በ1833 ዓ.ም. የብርና የድኝ ውሕድ ሲሞቅ እንደ ብረታ ብረት በመክፋት ፈንታ ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያሳልፍ አይቶ ጽፏል። ከዳዮዶቹ በኋላ የሚገባው ካፓሲተር በሆዱ ላይ የተጻፈበት ማይክሮፋራድ የተባለው መስፈሪያ ስሙን ያገኘው ከእርሱ ነው፤ ይህንም በ1881 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰበው የኤሌክትሪክ ጉባኤ አጽድቆታል። በ15 ቮልት ጥቅል ብናሰላው፣ 4 ዳዮዶች ካለፈ በኋላ ጫፉ 20 ቮልት ያህል ይሆናል፤ 1 አምፔር ሲሳብበት 4,700 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ንዝረቱን ወደ 2 ቮልት ያወርደዋል፤ 7812 የተባለው ቮልት አስተካካይም 12 ቮልት አድርጎ ያወጣዋል። ትርፉ 7 ዋት ያህል ሙቀት ሆኖ ስለሚወጣ የዚያው የተቃጠለው አምፕሊፋየር የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ያገለግላል። የ24 ቮልት ጥቅል ከሆነ ግን ሙቀቱ ወደ 20 ዋት ይጠጋል፤ ያውም 7812 ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ልክ 35 ቮልት ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻል። ከትራንስፎርመሩም የሚሳበው ዲሲ ከተጻፈበት የኤሲ አምፔር ከ6 አሥረኛው ባይበልጥ ይመረጣል። ፊውዝ ሳያስገቡ መሥራት፣ ካፓሲተሩ ሳይራገፍ በእጅ መንካት ሁለቱም ሰው ይገድላሉ። ትራንስፎርመሩ በኪሎ ርካሽ ቢሆንም የሚማርበት ልጅ ርካሽ አይደለም።

ከቀለበቱ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ ፋራዴይ ማግኔት ዘንግ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ኤሌክትሪክ አገኘ፤ ጥቅምት 28 ቀን የመዳብ ገበታ በታላቅ ማግኔት ከንፈሮች መካከል እያዞረ የማያቋርጥ ጅረት አወጣ። ይህ የጄኔሬተር መጀመሪያ ነው። የእኛን አገር ሰው የሚያስደንቀው፣ ክረምት ሲገባ የፎገራን ሜዳ የሚያጥለቀልቁት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ገብተው፣ ከጣና የሚወጣው ውኃ በ2002 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በተመረቀው በ460 ሜጋዋቱ የበለስ ጣቢያ ያንኑ የፋራዴይን ገበታ የሚመስል ነገር ማዞሩ ነው። የሩዝ ማሳችን ውኃና የግድግዳችን መብራት አንድ ወንዝ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር። በወረቀቶቹ ላይ የሒሳብ ቀመር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በሒሳብ ፈንታ በማግኔት ዙሪያ የብረት ብናኝ በትኖ የሚታየውን መስመር እንደ እውነተኛ ነገር ቆጠረው፤ ኃይል በባዶ ቦታ እንደሚዘረጋ አሰበ። የዘመኑ ሒሳብ ዐዋቂዎች አልተቀበሉትም። በኋላ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የተባለው ወጣት እነዚያን መስመሮች ወደ ሒሳብ ተረጎማቸው፤ ከዚያም ሬዲዮ ተወለደ። ሆኖም ከተማሪዎች መካከል ይህን ሰምቶ ሒሳብ አያስፈልግም የሚል እንዳይኖር፤ ፋራዴይ ራሱ ባለማወቁ ይቆጭ ነበር እንጂ አይመካበትም።

ስለ ገንዘብና ስለ ክብር ያለውን በአጭሩ እንለፈው። ለፋብሪካዎች እየሠራ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ብዙ ገንዘብ ለምርምር ሲል ተወ። በ1835 ዓ.ም. የመንግሥት ጡረታ ሊሰጠው ሲታሰብ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነገሩን በንቀት ቃል ስለ ጠራው አልቀበልም አለ፤ ይቅርታ ሲጠየቅ ነው በዓመት 300 ፓውንዱን የተቀበለው። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነት ሁለት ጊዜ ቀርቦለት አልወሰደም፤ የ«ሰር» ማዕረግም አልፈለገም። ለልጆች ግን ጊዜ ነበረው። ከ1827 እስከ 1860 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት 19 ጊዜ በገና ሰሞን ለሕፃናት ትምህርት ሰጠ፤ ከእነዚህም በአንዲት ሻማ ላይ ብቻ የተሰጠው በመጽሐፍ ወጥቶ በየቋንቋው ተተርጉሟል።

የመጨረሻው ዘመኑ አሳዛኝ ነው። ከ50 ዓመቱ በፊት ጀምሮ ትዝታው ይከዳው ጀመር። ለረጅም ጊዜ ሥራ አቁሞ በ1841 ዓ.ም. ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ ዐረፈ። ተመልሶም በ1845 ዓ.ም. ማግኔት በብርሃን ላይ ሥልጣን እንዳለው አገኘ። ሙከራዎቹን ሁሉ በተራ ቁጥር እየጻፈ ያስቀምጥ የነበረውም ለትውልድ ብቻ ሳይሆን ለራሱ ነው፤ ማስታወሻው ባይኖር የትናንቱን ሥራ ዛሬ እንደ አዲስ ይጀምረው ነበርና። ከ1862 ዓ.ም. በኋላ ሙከራ አልሠራም።

ነሐሴ 25 ቀን 1867 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ በሃምፕተን ኮርት በሰጠችው ቤት ውስጥ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ዐረፈ። ሁለት ወር ሳይሞላ በእኛ አገር አፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ በጋፋት ቀጥቃጮችና ሙያተኞች ያፈሰሱትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ፋራዴይ ከነገሥታትና ከሊቃውንት ጋር በዌስትሚንስተር እንዲቀበር አልፈለገም፤ በሃይጌት መቃብር ተቀበረ። በድንጋዩ ላይ ስሙ፣ የተወለደበትና የሞተበት ቀን ብቻ ተጽፏል። ቀለበቱ በለንደን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተጠብቆ ይገኛል፤ ሲባጎውና ጨርቁ ጠይሞ በመዳቡ ሽቦ መካከል ይታያል።